ቀይ ክርና የጠፋው መቀስ

እናቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስትፈልገው የኖረችው አንድ መቀስ አለ። ትንሽዬ ነው፤ እጀታው ጥቁር፣ ጫፉ ሹል፣ ከልብስ ላይ ክር ለመልቀም ካልሆነ ለሌላ የማይሆን። በእሱ ምትክ ሦስት መቀስ ገዝቼላታለሁ። አንዱ ይደንዛል፣ አንዱ ይከብዳል፣ አንዱ ደግሞ ሲቆርጥ ድምፁ አያምርም። ስፌት በያዘች ቁጥር መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ ታወርድና "ያ መቀሴ ቢኖር ኖሮ" ትላለች። ብላም አትተወውም፤ ቀና ብላ እኔን ታየኛለች። እኔ ደግሞ የማየው ነገር ያለ ይመስል በመስኮት ወደ ውጭ አያለሁ።

መቀሱን የጣልኩት እኔ ነኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ቀኑ ረቡዕ፣ ሰዓቱም ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም። የጣልኩት በክፋት አይደለም። እናቴን ከሞት ለማዳን ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። እናቴ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበረች። ማጠቢያ ቤቱ ከግቢው ጀርባ ያለ ረጅም አዳራሽ ሲሆን ሁለት ትልልቅ የልብስ መቀቀያ በርሜሎች፣ ክብ የመስታወት በር ያላቸው አራት ማሽኖችና በግድግዳው ልክ የተዘረጉ የመተኮሻ ጠረጴዛዎች ነበሩት። መስኮቶቹ ድሮ ቀለም ሲቀቡ ከነመዝጊያቸው ስለተጣበቁ አንዳቸውም አይከፈቱም። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ተመልሶ ሰው ላይ ይወርዳል። ከትምህርት ቤት ስወጣ እዚያ እሄድና ከመተኮሻው አጠገብ የሳሙና ሣጥን ገልብጬ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ደብተሬ ከእርጥበቱ የተነሳ ዳር ዳሩ ሁልጊዜ እንደተኮማተረ ነበር።

ፊደል ሳልጨርስ የማጠቢያ ቤቱን ሕግ ጨርሼ ነበር። ከየክፍሉ የሚመጣው የልብስ ጥቅል ሁሉ አንገቱ ላይ ክር ይታሰርበታል። ቀይ ከሆነ ከተላላፊ በሽታ ክፍል የመጣ ነው፤ የግድ ይቀቀላል። ጥቁር ከሆነ መድኃኒት የፈሰሰበት ነው፤ ከሌላ ልብስ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም። ሰማያዊው የሐኪሞች ካፖርት ነው፤ ሳይተኮስ ቢሄድ ሰማይ አይደፋም፣ ቢተኮስ ግን ይሻላል። አረንጓዴ ማለት ጨርቁ ጠንካራ ነው፣ ማሽኑን ይችለዋል ማለት ነው። ቢጫው ደግሞ የበሽተኛው የራሱ ልብስ ነው፤ ባለቤቱ ካልፈቀደ ማንም አይነካውም።

ከአምስቱ የምፈራው ቀዩን ብቻ ነበር። የምታስፈራራኝ ተኳሿ ነበረች፤ ምላሷም ካውያዋም እኩል ስለሚያቃጥሉ ሁሉም "ፍም" ይሏታል።

"ቀይ ያለበትን እንዳትነኪ" ትለኛለች ካውያዋን እያስፏጨች። "ቀይ የነካው ነገር ወይ ይቀቀላል ወይ ይጣላል። ሦስተኛ የለውም።"

"ሰዎቹስ የት ነው ያሉት?"

"ከብረት በሩ ጀርባ። እዚያ የገባ ሰው ዘመድ አይጠይቀውም።"

"እናቶችም ይገባሉ?"

"በሽታ እናት አባት አይልም፣ የኔ እመቤት። በይ የቤት ሥራሽን ሥሪ።"

በዚያ ዓመት የማጠቢያ ቤቱ አለቃ ጡረታ ሊወጡ ነበር። ደግ ሽማግሌ ነበሩ፤ ደግነታቸው ግን በአብዛኛው በእንቅልፍ የሚገለጥ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ እሳቸው ወንበራቸው ላይ ሲያንጎላጁ ሥራውን የምትመራው እናቴ ነበረች። ቦታው ሲለቀቅ ግን "አለቃ የሚሆን ሰው እንግሊዝኛ ይፈተናል" ተባለ። ሐኪሞቹና ዋናዋ ነርስ የውጭ ሰዎች ስለሆኑ ከየክፍሉ የሚመጣው ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው። እናቴ ካለፈች አለቃ ትሆናለች። ከወደቀች ከውጭ ሰው ይቀጠርና እሷ ደረቷን መቁረጥ የጀመረው እንፋሎት ውስጥ፣ በርሜሉ ሥር ትቀራለች።

ይህን ሁሉ የማውቀው ዛሬ ነው። ያኔ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለኝም። "ብወድቅ ልጄ ፊት መውደቅ አልፈለግሁም" ትላለች እናቴ አሁን ስጠይቃት። እሷ ነገሩን ስለደበቀችኝ እኔ የራሴን ነገር ፈጠርኩ። ልጅ ያልተነገረውን ሲሞላ ደግሞ ቆንጥሮ አይደለም የሚሞላው፣ አትረፍርፎ ነው።

መጀመሪያ የመጡት ጎረቤታችን ናቸው። በማተሚያ ቤት እርማት ሲያዩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ወገባቸው ጎበጥ ያለ ነው፣ ሲናገሩም በየሁለት ቃሉ ቆም ይላሉ። የሰፈሩ ልጆች "ነጠላ ሰረዝ" ነበር የምንላቸው። እሳቸው እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው አመሻሹ ላይ ብቅ ይላሉ፣ እናቴ ጓዳ ታስገባቸዋለች፣ በሩ ይዘጋል። "አንቺ እዚያው ተጫወቺ፣ አትጠጊን" እባላለሁ። እንዲህ የተባለ ልጅ ጆሮው የት እንደሚሆን የታወቀ ነው፤ በሩ ላይ ተለጠፍኩ።

"ማስት" ይላሉ ነጠላ ሰረዝ። "ሹድ። ካን። ሜይ።"

እናቴ እየሳለች ትደግማለች። እኔ የመድኃኒት ስም ነው ብዬ ደመደምኩ። በሆስፒታሉ ግቢ ያደገ ልጅ ሌላ ምን ሊል ይችላል? እዚያ አጭር የፈረንጅ ስም ያለው ነገር ሁሉ ወይ ይዋጣል ወይ ይወጋል።

"ከማስት በኋላ ቱ አይገባም ብዬሻለሁ" ይላሉ ነጠላ ሰረዝ። "ማስት፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ሥራው። መሀል የሚገባ፣ የለም። ደግሞ 'ሺ ካንስ' አልሽኝ። ለምን ጭራ ትቀጥይበታለሽ? እነዚህ ቃላት፣ ጌቶች ናቸው። ለእሱም ለእሷም፣ ለሀብታሙም ለደሃውም፣ ያው ናቸው። ለማንም፣ አይጎነበሱም።"

"ጋሼ፣ እኔን ያስቸገረኝ ሌላ ነው" አለች እናቴ አንድ ቀን። ድምፅዋ የደከመ ነበር። "የኛ 'እችላለሁ' አንድ ነው። ጉልበቱም አለኝ፣ ፈቃዱም አለኝ ማለት ነው። እነሱ ምን ነክቷቸው ነው ካን እና ሜይ ብለው ለሁለት የሰነጠቁት?"

"ጉልበትና ፈቃድ፣ አንድ ስላልሆኑ ነዋ" አሏት። "አንቺ የአለቃሽን ሥራ ስምንት ዓመት ስትሠሪ፣ ጉልበቱ ነበረሽ። ፈቃዱን የሰጠሽ፣ አለ?"

ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ለፉ። እናቴ እንደነገረችኝ ውሃ ወቀጣ ነበር፤ ማታ ያጠናችው ጠዋት ከሳሙናው አረፋ ጋር ይሄድ ነበር። አንድ ቀን ግን የማሽን በር ስትዘጋ እጇ ላይ ያለውን ቀይ ክር አየችና ቆመች። ቀዩ "የግድ" ነው፣ ማስት። ጥቁሩ "ፈጽሞ እንዳይሆን" ነው፣ ማስት ኖት። ሰማያዊው "ቢሆን ይሻላል"፣ ሹድ። አረንጓዴው "ይችላል"፣ ካን። ቢጫው "ከተፈቀደ"፣ ሜይ። ነጠላ ሰረዝ በብዙ ገጽ ሊያስረዷት የለፉትን ነገር እሷ ስምንት ዓመት በጣቶቿ ስታስረው ስትፈታው ኖራለች። የዚያን ዕለት አምስቱንም ክር በኪሷ ይዛ ቤት ገባች።

እኔ ያየሁትን ደግሞ ልንገራችሁ። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤታችን ክር አብቅሏል። በክብሪቱ ሣጥን ላይ ጥቁር፣ በጃንጥላው ላይ ሰማያዊ፣ በበርጩማው ላይ አረንጓዴ፣ በስኳር ጣሳው ላይ ቢጫ። ማንቆርቆሪያው ላይ ቀይ ነበር። ቀይ ክር፣ እኛ ቤት! ወደ መኝታ ቤት ገባሁ። የእናቴ ትራስ ጫፍ ላይም ቀይ ታስሯል።

"እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነበር" ትላለች አሁን እየሳቀች። "'አይ ማስት ስሊፕ' እያልኩ እንድተኛ ነው ያሰርኩት።" እኔ ግን እንግሊዝኛ አላውቅም። የማውቀው የማጠቢያ ቤቱን ሕግ ነው፤ በሕጉ መሠረት እናቴ ባለቀይ ክር ሆናለች። ሳሏ፣ "አትጠጊን" ማለቷ፣ ጓዳ ተዘግቶ የሚጠራው መድኃኒት፣ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ስኳሩን እንኳ ለመስረቅ ልብ አጣሁ።

የቀረውን ጥርጣሬ የጨረሰችልኝ አክስቴ ናት። የእናቴ ታላቅ እህት ነች፤ ሹክ ማለት የማትችል፣ ምስጢር ስታወራ ለመንገድ የምትተርፍ ሴት። ማክሰኞ ዕለት ወጥ ቤት ቆመው ሲያወሩ ሰማኋቸው።

"ለልጅቷ ነገርሻት?"

"ምን ብዬ? ካለቀ በኋላ ትሰማዋለች።"

"ሐሙስ ነው ያልሽኝ?"

"ሐሙስ። ረቡዕ መጥተሽ ውሰጂልኝ፣ አንቺ ጋ ትደር።"

"ካልሆነልሽስ፣ እህት ዓለም?"

እናቴ ሳለች። "ካልሆነማ ያው እዚያው ውስጥ ማለቅ ነው" አለች።

እንግዲህ ሐሙስ እናቴን ከብረት በሩ ጀርባ ሊያስገቧት ነው። እዚያ ደግሞ ማንም ሰው ዘመዱን አይጠይቅም። የዚያን ሌሊት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ እንዳትሰማኝ ብርድ ልብሱን ነክሼ አለቀስኩ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እናቴ ሥራ ላይ ናት፣ አክስቴ አልደረሰችም። ቤት ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ሳስብ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ማጠቢያ ቤት ውስጥ ጥቅሉን ማን ያየዋል? ማንም። የሚያዩት ክሩን ነው። ክር የሌለውን ጥቅል ማንም ለይቶ አይወስደውም። ስለዚህ እናቴ ላይ ቀይ ክር ካላገኙ ማን ነው ታማለች የሚላት?

መቀሱን ከስፌት ሣጥኑ አወጣሁ። የማንቆርቆሪያውን ቆረጥኩ፣ የትራሱን ቆረጥኩ። ከዚያ ነጩን ሸሚዝ አየሁት። ከግድግዳው ላይ ታጥቦ ተሰቅሏል፤ እናቴ ለቁም ነገር ብቻ የምትለብሰው ሸሚዝ ነው። የቀኝ እጅጌውን ጫፍ ስገለብጠው አምስቱም ክሮች በጥንቃቄ በተርታ ተሰፍተዋል፣ ከፊት ቀዩ። ልብሷ ላይ ሰፍተውባታል! ቀዩን ክር ከሥሩ ለቀምኩት። የቀሩት አራቱ በሽታ አይደሉምና ተውኳቸው።

የቀረው የፍም ሕግ ነው። ቀይ የነካው ነገር ወይ ይቀቀላል ወይ ይጣላል። መቀሱን ለመቀቀል እሳት ያስፈልጋል፤ ክብሪቱ ላይ ደግሞ ጥቁር ክር ታስሯል፣ ፈጽሞ አይነካም። እኔ ሕግ አክባሪ ልጅ ነኝ። ስለዚህ መቀሱን ከነክሮቹ በጋዜጣ ጠቅልዬ ከቤቱ ጀርባ ካለው የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ለቀቅኩት። ጠብ ሲል ሰማሁት። እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩና አክስቴን በር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋት።

ሐሙስ ጠዋት አክስቴ ዳቦና ሻይ አብልታ አጠጥታ ወደ ትምህርት ቤት ሸኘችኝ። "ጎሽ የኔ ልጅ፣ ቀጥ ብለሽ ሂጂ" አለችኝ። ቀጥ ብዬ ሄድኩ፣ ወደ ሆስፒታሉ። "ፈሪ ለእናቱ" ይላሉ፤ እኔ ግን ለእናቴ ስል የደፈርኩበት ቀን ቢኖር ያ ነው።

ዘበኛው ያውቀኛልና አልጠየቀኝም። ማጠቢያ ቤቱ ጋ ስደርስ ማሽኖቹ ቆመዋል፣ በሩ ገርበብ ብሏል፣ ሴቶቹ ሁሉ ከግድግዳው ጥግ ተሰብስበው ይንሾካሾካሉ።

"አንዷን አስወጧት አሉ" ትላለች ፍም። "እጅጌዋ ውስጥ አግኝተውባት።"

"ውይ! ምን?"

"ምን አውቄ! አሁን የሁሉንም እጅጌ እያዩ ነው።"

ዛሬ እንደማውቀው ከተፈታኞቹ አንዷ ላይ ያገኙት ግጥም ብሎ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ነበር። እኔ ግን ቀይ ክር አገኙባት ብዬ ነው የተረዳሁት። በፍርሃቴ መሀል አንድ ደስታ ሽው አለብኝ። የእናቴ እጅጌ ላይ ቀይ የለም! ሌላው ሁሉ ቢያዝ እሷ ታመልጣለች! የሳሙና ሣጥን ጎትቼ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩና ማንም ሳያየኝ ወጥቼ ተንጠለጠልኩ።

የበርሜሎቹ እሳት ስለጠፋ ለመጀመሪያ ጊዜ መስታወቱ ላብ የለውም። ሦስት ሰዎች አየሁ። አንደኛው አስተዳዳሪው፣ ሁለተኛው ወረቀት የሚሞላ ሰውዬ፣ ሦስተኛዋ ዋናዋ ነርስ፣ ረጅም፣ ፊቷ እንደታጠፈ አንሶላ ቀጥ ያለ። እናቴ መሀል ቆማለች። የነጭ ሸሚዟን እጅጌዎች ሁለቱንም እስከ ክርኗ ድረስ ሰብስባቸዋለች። እጅጌ ለምን ይሰበሰባል? ለመርፌ ነዋ!

ዋናዋ ነርስ ጎንበስ ብላ ከወለሉ ላይ አንድ ጥቅል አነሳች። አንገቱ ላይ ቀይ ክር አለ። ወደ ተራው ማሽን ሄደች፣ ክቡን በር ከፈተች፣ ጥቅሉን ልትከተው አስጠጋች። ያኔ እናቴ ዘላ ፊቷ ተደቀነች፣ ሁለቱን እጆቿን ዘርግታ።

"ኖ!"

እናቴ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ያን ያህል ጮክ ብላ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ነርሷ ልትፈትናት እያወቀች ነበር ያጠፋችው፤ ሥራ የሚያውቅ ሰው ዝም ብሎ ያየኝ ይሆን ብላ። እኔ ግን የታየኝ እናቴ አልገባም ብላ ስትታገል ነው። ከሣጥኑ ዘለልኩ፣ በሩን በትከሻዬ በረገድኩት፣ ሮጬ ሄጄ ከእናቴ ጉልበት ላይ ተጠመጠምኩ።

"እናቴ አልታመመችም! ቀይ የላትም! እጇን እዩት፣ ምንም የለባትም! እንዳትወስዷት!"

አስተዳዳሪው ከወንበሩ ተነሳ፣ ፊቱ በርበሬ መስሏል።

"ይቺን ልጅ ማነው ያስገባት? ፈተናው ተበላሽቷል! በቃ፣ ይሰረዝ!"

የእናቴ እግር በእቅፌ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ስምንት ዓመት የለፋችበት ነገር ሁሉ በእኔ ምክንያት በአንድ ቃል ሊሰረዝ ነበር። ደግነቱ ይህን አላወቅሁም፤ ባውቅ ኖሮ እዚያው በድንጋጤ እደርቅ ነበር።

ዋናዋ ነርስ እጇን አነሳች፣ አስተዳዳሪው ተመልሶ ተቀመጠ። ጥቅሉን መልሳ ወለሉ ላይ አኖረችውና እኔን ትክ ብላ አየችኝ፣ ከዚያ እናቴን በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀቻት። "ልጅቷ ምን እያለች ነው?" ማለቷ ነው። ነጠላ ሰረዝ ያላጠኑት፣ ማንም ያልተዘጋጀበት ጥያቄ።

እናቴ ቁልቁል አየችኝ። መዳፏን ጭንቅላቴ ላይ አሳረፈች፤ እርጥብና ሞቃት ነበር። ቀስ ብላ ተናገረች።

"ሺ ቲንክስ አይ አም ሲክ" አለች። "ሺ ሴይስ፣ ዩ ማስት ኖት ቴክ ሚ።"

ትርጉሙ አልገባኝም፤ ማስት ስትል ግን ሰማሁ። መድኃኒቱ! ከዚያ ጥቅሉን በጣቷ አመለከተችና ቀጠለች። "ዩ ማስት ቦይል ዚስ" አለች፤ ማስት፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ሥራው፣ መሀል የገባ የለም። ወደ ነርሷ ባዶ እጆች እያሳየች "ዩ ሹድ ዌር ግላቭስ" አለች፤ ጓንት ብታደርጊ ይሻልሻል ማለቷ ነው። ለዋና ነርስ! ወደ ተራው ማሽን ዞረችና አረንጓዴ ክር ያለበትን ጥቅል አንስታ "ዚስ ካን ጎ ሂር" አለች። በእያንዳንዱ ቃል የእናቴ እግር መንቀጥቀጡን እየቀነሰ፣ ወገቧ እየቀና ሲሄድ እቅፌ ውስጥ ይታወቀኝ ነበር። ያ ጓዳ ተዘግቶ ሲጠራ የከረመው መድኃኒት ሲሠራ በገዛ እጄ ያዝኩት።

በመጨረሻ ወደ እኔ ጠቆመችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ሜይ ማይ ዶተር ሲት ሂር?"

ልጄ እዚህ ብትቀመጥ ይፈቀዳል? ካን አላለችም። የዋናዋ ነርስ የታጠፈ ፊት ከጥግ እስከ ጥግ ተዘረጋ።

"ዬስ" አለች። "ሺ ሜይ።"

የሳሙና ሣጥን አምጥተው አስቀመጡኝ። ከሁሉም መድኃኒት ሜይ ፍቱን ነው ብዬ በልቤ ያዝኩ፤ ፈረንጅ ያስቃል።

ውጤቱ ሰኞ ጠዋት በር ላይ ተለጠፈ። ሴቶቹ ሁሉ እጃቸውን እየጠራረጉ ወጡ፣ እንግሊዝኛውን ግን የሚያነብ ጠፋ። እናቴ "እኔ አላይም፣ እኔ አላይም" እያለች ፊቷን በመደረቢያዋ ሸፈነች። ውጤቱን ሊሰሙ የመጡት ነጠላ ሰረዝ ከሰው መሀል በክርናቸው እየገፉ ወጡ፣ መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ ከዚያም የእናቴን ስምና "የማጠቢያ ቤት ኃላፊ" የሚለውን ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቆሙ፣ በአንድ ትንፋሽ አነበቡት። በዕድሜያቸው ሳያርፉ የጨረሱት ዓረፍተ ነገር እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ፍም የባልዲ ክዳን አንስታ መምታት ጀመረች፣ ሌሎቹም ያገኙትን አነሱ። በየፎቁ በሽተኞቹ ምን ተገኘ ብለው መስኮት ላይ ተንጠላጠሉ። አስተዳዳሪው ጸጥታ ለማስከበር ወጣና እናቴን አይቶ እሱም ሳይወድ በግዱ አጨበጨበ።

እናቴ ቁልፉን በተረከበች በመጀመሪያው ቀን መዶሻና መሮ አስመጥታ በቀለም የተጣበቁትን መስኮቶች አንድ በአንድ አስከፈተች። እንፋሎቱ እንደ ሰው ወጥቶ ሄደ። በሁለት ወር ውስጥ ሳሏ ጠፋ። እኔም በሽታውን ከእሷ ላይ የቆረጥኩት እኔ መሆኔን አልተጠራጠርኩም።

አድጌ እውነቱን ካወቅሁ በኋላም ድርሻዬን አልለቀቅሁም። ታሪኩን ለልጆቼ ስተርክ መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነበር። "እኔ ያን ክር ባልቆርጠው ኖሮ እጅጌዋን ሲያዩ ይይዟት ነበር። አያታችሁን ያዳንኳት እኔ ነኝ።" እናቴ እየሰማች ስፌቷን ትቀጥላለች፤ ሲበዛባት "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" ብላ ታልፈኛለች።

ባለፈው ወር የካፖርቴን ቁልፍ ስትተክልልኝ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አወረደች። "ያ መቀሴ ቢኖር ኖሮ" አለች። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ወደ መስኮቱ ሳላይ ቀረሁ።

"እማዬ፣ ፍሳሹ ጉድጓድ ውስጥ ነው የጣልኩት" አልኳት። "ቀዩን ስለነካው።"

መርፌዋን አቆመች። "ጋዜጣው ተንሳፍፎ አይቼው ነበር" አለች። "እስክትነግሪኝ ነው የጠበቅኩት።"

"ሠላሳ ዓመት?"

"ቸኩለሽ ነበር እንዴ?" ብላ ሳቀችና ካፖርቱን ጭኗ ላይ አጠፈችው። "አዳንኳት ትያለሽ። የመቶ ካፖርት ቁልፍ በአንድ ዓይን የማይ ሴት፣ የገዛ እጅጌዬን አላይም ብለሽ ነው? ያን ጠዋት ሸሚዙን ስተኩስ የቀዩ ቦታ ባዶ ነው። ሁለት የመርፌ ቀዳዳ ብቻ። ማን እንደቆረጠው ወዲያው ገባኝ፣ ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ክር አንስቼ መልሼ ልሰፋ ስል፣ ባዶውን ቦታ አየሁትና ማንም ሳይጠራው 'ማስት' ብሎ አፌ ላይ መጣ። ከነ ትርጉሙ፣ ከነ አገባቡ። ክሩ የለም፣ ቃሉ አለ። ታዲያ አራቱን ለምን እሸከማለሁ? እጅጌዬን እስኪያዩት ለምን እጠብቃለሁ? ሰብስቤው ልግባ፣ ምንም እንደሌለበት ይዩት አልኩ።"

መስኮቱ ላይ ተንጠልጥዬ ያየኋቸው ባዶ ክንዶች ትዝ አሉኝ። ለመርፌ የተዘጋጁ መስለውኝ ነበር።

"እኔ ታዲያ ምንም አላደረግሁም?" አልኩ፤ ድምፄ የስምንት ዓመት ልጅ ድምፅ ሆነብኝ።

"አንቺማ ባዶውን ቦታ አሳየሽኝ" አለች እናቴ ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጋ። "ግን ምን ያህል እንደረገምኩሽ አትጠይቂኝ። ሰዓቱ ደርሷል፣ አራቱን ክር ልለቅም መቀስ ብፈልግ፣ መቀስ የለም! ሣጥኑን ብገለብጥ የለም፣ አልጋ ሥር ብገባ የለም።"

ካፖርቴን ወደ አፏ አስጠጋችና የቁልፉን ክር ቅጭ አድርጋ በጠሰችው።

"እንዲህ አድርጌ" አለች። "አራቱንም በጥርሴ በጠስኳቸውና እጅጌዬን ሰብስቤ ወጣሁ።"